የእቁብ ብሬን መልሶልኛል፤ ልቤ ግን አልረጋም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ቤት እሠራለሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖናል፤ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ለቆ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ መጫወት ጀመረ። ሌሊቱን በኢንተርኔት ይጫወታል፤ ናይሮቢ ይመላለሳል። ባለፈው ክረምት ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት የእቁብ እጣ ወጥቶልኝ 300 ሺህ ብር በጋራ ሒሳባችን አስገብቼ ነበር። ሳይነግረኝ አወጣው። ያወቅኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሙሉውን መለሰ፤ ከላዩ ላይ የወርቅ ሐብል ጨመረልኝ። «አየሽ፣ አላሳፈርኩሽም» አለኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ጠፋኝ። ሲያሸንፍ ሌላ ሰው ነው። ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ለእናቴ ይደውላል። ሲሸነፍ መኝታ ቤት ዘግቶ ይቀመጣል። ስንት እንደተበላ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ለቤተሰብ «ኢምፖርት ኤክስፖርት ነው የሚሠራው» እንላለን። አባቴ ቁማርተኛ መሆኑን ቢሰማ ዓይንሽን አልይ ይለኛል። እሱ ግን «ቁማር አይደለም፤ ሙያ ነው» ይላል። ታሟል ወይስ እውነቱን ነው? ሽማግሌ ልላክበት ወይስ ልታገሥ? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ «አላሳፈርኩሽም» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ባለቤትሽ ብሩን ስለመለሰ ነገሩ የተዘጋ መስሎታል። አንቺ ደግሞ ብሩ ተመልሶም ለምን እንደሚከፋሽ ግራ ገብቶሻል፤ እንዲያውም ምስጋና ቢስ የሆንሽ ይመስልሻል። አይደለሽም። ላስ ቬጋስ ላይ ሁሉንም ተበልቶ ቢመለስ ኖሮ ያደረገው ነገር ምንም አይለወጥም ነበር። ሳይነግርሽ የቤታችሁን ብር ወስዷል። ማሸነፉ ይህን አይፍቀውም።

ደግሞ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ፖከርን ከልባቸው የሚጫወቱ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ ውሳኔህን በውጤቱ አትመዝነው ይላሉ። ሁለት አስ (ምርጡን መነሻ ካርታ) የያዘ ሰው ሰባትና ሁለት (ደካማውን) ከያዘ ሰው ጋር ገንዘቡን ሁሉ ቢያስገባ፣ ከመቶ 87 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። በቀሩት ጊዜያት ይሸነፋል። ሲሸነፍ «ተሳሳትኩ» አይልም፤ ውሳኔው ትክክል ነበርና። በሰባትና በሁለት ያሸነፈውንም ማንም ጎበዝ አይለውም፤ ዕድል ነው የቀናው። ባለቤትሽ ጠረጴዛው ላይ ይህን ሕግ ያከብራል ብዬ ልገምት። ቤቱ ሲመጣ ግን ይረሳዋል። የአንቺ የእቁብ ብር በሰባትና በሁለት የተገባበት ጨዋታ ነው። ዕድል ቀናው፤ ውሳኔው ግን ያው መጥፎ ውሳኔ ነው።

«ሙያ ነው» ለሚለው ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሩሌት (በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳስ የሚጣልበት የካዚኖ ጨዋታ) ላይ የምትጫወቺው ከቤቱ፣ ማለትም ከካዚኖው ጋር ነው፤ ስሌቱ ምንጊዜም ለቤቱ ያደላል። ፖከር ላይ ግን የምትጫወቺው ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው። ቤቱ ድርሻውን ከየጨዋታው ቆርጦ ይወስዳል። ስለዚህ ከሌሎቹ በልጦ የሚጫወት ሰው፣ ጊዜ ከተሰጠው፣ የቤቱን ድርሻ ከፍሎም ሊያተርፍ ይችላል። ከዚህ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ብዙ ግን አይደሉም። ኑሮውም በፊልም እንደሚታየው አይደለም። ጎበዝ ተጫዋች ከሚደርሱት ካርታዎች አብዛኞቹን ሳይጫወትባቸው ይጥላል። አሥር ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅ ነው ሥራው። ከዚያ የሆቴል ክፍል፣ የተዛባ እንቅልፍ፣ ብቻውን የሚበላ እራት። ደህና ተጫዋች እንኳ ወራት ሙሉ ሊከስር ይችላል፤ ዕድል በአጭር ጊዜ ከችሎታ ይበልጣልና።

ባለቤትሽ የሒሳብ ሰው ስለሆነ የክሪስ መኒሜከርን ታሪክ ሳይነግርሽ አይቀርም። አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በፈረንጆቹ 2003 በኢንተርኔት የ86 ዶላር ማጣሪያ አልፎ ላስ ቬጋስ የሚደረገው የዓለም ፖከር ውድድር ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዓለም ላይ ስንቱ ሰው ሥራውን ለቆ ካርታ እንደያዘ አትጠይቂኝ። በዚያ ውድድር ላይ 839 ሰው ነበር የተመዘገበው። ስለ 838ቱ ማንም ሲያወራ አልሰማሁም።

የላስ ቬጋሱ ዋና ውድድር መግቢያ 10 ሺህ ዶላር ነው። ብዙዎች ብቻቸውን አይከፍሉትም፤ ሌሎች ገንዘብ አውጥተው ከሽልማቱ ድርሻ ይይዛሉ። ከተሳታፊው ከመቶ 15 ያህሉ ነው ገንዘብ የሚያገኘው። ከነዚያም ብዙዎቹ ከመግቢያው ብዙ ያልራቀ ነው የሚወስዱት። ከዚያ ላይ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌላቸው አገሮች ከሚመጣ አሸናፊ ከመቶ 30 ይቆረጣል። እኛም ከነዚያ አገሮች አንዱ ነን። እንግዲህ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ጨምሪበት። አንቺ የባንክ ሰው ነሽ፤ ሒሳቡን ለአንቺ አላስተምርም። የሰዓቱን ነገር ግን ሰው ብዙ አያስበውም። አንቺ ጠዋት 2 ሰዓት ለሥራ ስትወጪ እዚያ የቀደመው ቀን ማታ 4 ሰዓት ነው። «ለምን ስልክ አያነሳም?» ብለሽ የተበሳጨሽባቸው አንዳንድ ቀኖች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን የምልሽ በማይገባው ነገር እንዳትከሺው ነው፤ የሚገባው በቂ ነገር አለና።

አሁን «ታሟል ወይ?» ወደሚለው። በደብዳቤ ሰው አይመረመርም፤ እኔም አላደርገውም። ግን በምን እንደሚለይ ልነግርሽ እችላለሁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2013 ባወጣው መመሪያ ቁማርን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በሱስ ምድብ አስገብቶታል። ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ ሕመም ነው ይባላል። የተበሉትን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ አንዱ ነው። መዋሸት አንዱ ነው። ሲጨንቅ ወደ ጨዋታ መሸሽ፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ከጉድ የሚያወጣ ብር ከሰው መለመን ሌሎቹ ናቸው። ያው መመሪያ ሙያተኛ ተጫዋችን ከታማሚው ለይቶ ያያል፤ የሙያተኛው አደጋ የተገደበ ነው፣ ሥርዓትም አለው ይላል።

እንግዲህ ባለቤትሽ የትኛው ነው? ሥርዓት ያለው ተጫዋች የሚጫወትበት ገንዘብ ከቤት ወጪ የተለየ ነው። የመርካቶ ነጋዴ መነሻውን ከአስቤዛው ጋር እንደማይቀላቅል ማለት ነው። ጠንቃቃ የውድድር ተጫዋቾች በአንድ ውድድር ላይ ካላቸው ገንዘብ ከመቶ አንድ እጅ በላይ አያወጡም። የሚስትን እቁብ ይዞ መሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለተኛ፣ መዝገብ አለው። መቼ ተጫወተ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ባለቤትሽ በሒሳብ የሠለጠነ ሰው ሆኖ የአራት ዓመት መዝገብ ከሌለው፣ እኔ ስለ ሙያው መስማት አቆማለሁ። ካለው ደግሞ ያሳይሽ።

ቀጥሎ የምልሽ ትንሽ ሊያምሽ ይችላል። ሲያሸንፍ እሱ ሌላ ሰው እንደሚሆን ጽፈሻል። አንቺስ? ቤቱስ? ብሩ ሲገባ እናትሽ ይደወልላቸዋል፣ ልጁ ይንሸራሸራል፣ ቡናው ይደምቃል። ሳይገባ ሲቀር ሁሉም ዝም ይላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው የመክሰሩን ዜና ይዞ ለመግባት ይፈራል። ይደብቃል። ሲደብቅ አንቺ ትጠረጥሪያለሽ፤ ፊትሽ ይጠቁራል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ይደብቃል። ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ማለቴ አይደለም። ብሩን የወሰደው እሱ ነው። ግን አንቺም ሳታስቢው ዕጣ ጠባቂ ሆነሻል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሰውን አጥብቆ እንደሚይዝ ስኪነር የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በርግብና በአይጥ ላይ አሳይቷል። ካዚኖ ሄደሽ አታውቂም ይሆናል። ነገር ግን በር ሲከፈት «ዛሬ ፊቱ እንዴት ነው?» ብለሽ የምታዪው አንቺ ነሽ፣ ጥሩው ፊት ሲመጣ ሁሉን የምትረሺውም አንቺ ነሽ። ሐብሉ የተገዛው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሐብሉን አትመልሺ፤ ደስ ካለሽ አድርጊው። ግን «ይሄ ለእቁቡ ካሣ አይሆንም» ብለሽ በግልጽ ንገሪው።

መቼና የት እንደምትነግሪው ቁም ነገር ነው። ባሸነፈበት ሳምንት አይሆንም፤ ያባብልሻል። በተበላበት ሌሊትም አይሆንም፤ አይሰማሽም። ቤት ውስጥ ልጁ እየሰማ አታድርጉት። የእኛ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው «እናውራ» ሲባሉ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስላቸዋል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ይሻላቸዋል። እሑድ ጠዋት ልጁን እናትሽ ጋ ተዉትና ከልደታ ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያም ወደ ስታዲየም በእግራችሁ ሂዱ። ስታዲየም ስትደርሱ ካልጨረሳችሁ ወደ ላይ አምባሳደርን አልፋችሁ ቀጥሉ።

«ቁማርተኛ» ብለሽ አትጀምሪ። ያ ቃል ከወጣ ወሬው እዚያው ያልቃል፤ ስለ ችሎታ ክርክር ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ያን ክርክር ከአንቺ በላይ ተለማምዶታል። እንዲህ በይው፦ «ብታሸንፍም ብትሸነፍም የወሰድከው ሳትነግረኝ ነው። አንተ ራስህ ውሳኔን በውጤቱ አትመዝኑ ትላለህ። እኔም በውጤቱ አልመዝንህም። ስትከስር ብትነግረኝ አልጮህም። ከደበቅከኝ ግን አብሬህ መኖር እየከበደኝ ነው»። አልጮህም ካልሽ ደግሞ አትጩሂ። ይህ የአንቺ የቤት ሥራ ነው፤ ቀላልም አይደለም።

ከዚያ ገንዘቡ። የአንቺ ደመወዝና እቁብ በስምሽ ብቻ ወደሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ። እሱ የመጫወቻውን ለብቻው ይያዝ። ለቤት በየወሩ የተቆረጠ ብር ይስጥ፤ ባሸነፈበት ወር አይጨምር፣ በተሸነፈበት አይቀንስ። ይህን ስድስት ወር ማድረግ ካልቻለ ሙያው አላበላውም ማለት ነው፤ ሥራ ይፈልግ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ይሁንና የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የሁለታችሁ ነው ይላል። ስለዚህ የሱም ትርፍ ያንቺም ነው፤ የመጠየቅ መብት አለሽ። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። በዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቂያለሽ፤ ሐሳቡ ግን አላረጀም። የተደበቀ ብድር ካለ አሁን ያውጣው።

ሽማግሌ ገና ነው። ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ፤ «ተው» ይሉታል፣ ያስምሉታል። ይምላል። ሕመም ከሆነ መሐላው አያቆመውም፤ የሚደብቅበትን ጥበብ ብቻ ያሻሽላል። መዝገቡን አላሳይም፣ ገንዘቡንም አልለይም ካለ ግን ያኔ የሚያከብረውን አንድ ሰው ጥሪ። ያ ሰው «ተው» እንዳይለው፣ ይልቅ «ባለሙያ ዘንድ አብሬህ ልሂድ» እንዲለው አስቀድመሽ ንገሪው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። እዚያ መሄድ የሚያሳፍር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ከትልቅ ኪሳራ በኋላ «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ነገር ከተናገረ ወይም ራሱን ከሰው ሁሉ ካራቀ፣ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰጂው። ከቁማር ችግር ጋር ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ያለ ነው። ያን ጊዜ ስለ እቁብ አትነጋገሩም።

የአባትሽን ነገር እኔ አላቻኩልሽም። ቅድሚያ የሁለታችሁ ይስተካከል። ሲስተካከል አብራችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽ አትሂጂ። እስከዚያው «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚለውን ተዉት። ልጃችሁ ነገ አስተማሪው ስትጠይቀው የሚደግመው ያንን ነው። «አባቴ ማታ በኮምፒውተር ይሠራል» ቢል እውነት ነው፣ ለስድስት ዓመት ልጅም ይበቃዋል።

የላስ ቬጋሱ ወቅት ግንቦት ውስጥ ይጀምራል። እሱም ከአሁኑ እያሰበው ይሆናል። መሄዱን አትከልክዪው፤ ግን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ስንት ብር እንደሚይዝ፣ ከማን እንደሚያገኘው፣ ሁሉም ቢያልቅ በምን እንደሚመለስ በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አልፈርምም ካለ ደግሞ ያንን ጻፊልኝ።