ለልጄ እውነቱን ብነግራት ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅና የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው። ሰሞኑን ልጄ «እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አይረገዝም አይደል?» አለችኝ። ክው አልኩ። «ይሄን ማን ነገረሽ?» ብዬ ስጮህባት ዝም አለች። ትምህርት ቤታቸው ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የሚያስተምር ክበብ አለ። ጎረቤቴ «ዐይኗን ነው የሚከፍቱባት፣ አስወጫት» ትለኛለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጄ ብነግራት ኃጢአት ነው? ከክበቡስ ላስወጣት?

መልስ፦ እኅቴ፣ መንገሩ ኃጢአት አይደለም። የእናትነት ግዴታሽ ነው። ከሰው ሁሉ መርጣ አንቺን መጠየቋም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ተመለሽላት። «የዛን ዕለት የጮህኩብሽ ደንግጬ ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» በያት። ከዚያ ሳትሸፋፍኝ ንገሪያት። በመጀመሪያው ግንኙነትም ይረገዛል። እንዲያውም አንዲት ልጅ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ሳታይም ልታረግዝ ትችላለች፤ ዕንቁላሉ የሚወጣው ደሙ ከመምጣቱ በፊት ነውና። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰውም ለዓመታት ምንም ምልክት ላይታይበት ይችላል። «ጤነኛ ይመስላል» ማለት አያዋጣም።

«ይሄ በመንፈሳዊ ቤት ይወራል ወይ?» ትይኝ ይሆናል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 5ን እና 7ን አንብቢ። አባት ልጁን አስቀምጦ ስለ ዝሙት፣ በምሽት ስለሚያባብል አንደበት፣ መጨረሻውም ምን ያህል መራራ እንደሆነ በግልጽ ይነግረዋል። የሚናገረው በቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ አያፍርበትም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን የንጉሥ ዳዊት ልጅ የትዕማር ታሪክ ነው (2ኛ ሳሙኤል 13)። በአባት ወንድሟ የሆነው አምኖን ታመምኩ ብሎ ተኛ። ትዕማር ምግብ እንድታዘጋጅለት አባቷ ወደ ወንድሟ ቤት ላካት። ዱቄቱን አቡክታ፣ ጋግራ አቀረበችለት። እሱ ሰዉን ሁሉ አስወጣና ያዛት። ለመነችው፤ አልሰማትም። ካዋረዳት በኋላ ጠላት፤ በሩንም አስዘጋባት። ልብሷን ቀዳ፣ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ስትሄድ ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ያላት «ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው» ነበር። ዳዊት ሰምቶ ተቆጣ። ከቁጣው ያለፈ ያደረገው ነገር አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው።

ልብ በይ እኅቴ፣ ትዕማርን የጎዳት የመንገድ ሰው አይደለም። ወደዚያ ቤት የሄደችውም አባቷን ታዛ ነው። ስለዚህ ለልጅሽ በግልጽ በያት፦ «አጎትሽም ይሁን አስጠኚሽ፣ ጎረቤትም ይሁን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ማንም ያለ አግባብ ቢነካሽ ጩኺ። መጥተሽ ንገሪኝ። አምንሻለሁ።» ክፉ ነገር ከደረሰ ደግሞ በሽምግልና ይሸፈን የሚልሽን አትስሚ። ልብሷን ሳታጥቢ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለፖሊስም አመልክቺ። በሕጋችን ዐዋቂ ሰው ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ግንኙነት ካደረገ፣ «ፈቅዳ ነው» ቢልም ወንጀል ነው።

የሰፈራችንን ኑሮ ታውቂዋለሽ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። እናንተ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናችሁ። ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ቴሌግራሙ ያላመጣው ጉድ የለም። በነጻ የሚያደርሳት ባለ ባጃጅ፣ ካርድ የሚሞላላት ጎረምሳ አይጠፋም። ስጦታ ስለተቀበለች ምንም ዕዳ እንደሌለባት፣ እንቢ ለማለትም ይሉኝታ እንዳይዛት አስረጂያት።

ስለ ኮንዶም ከጠየቀችሽ አትዋሻት። በትክክል ከተጠቀሙበት እርግዝናንም ኤች አይ ቪንም በእጅጉ ይከላከላል፤ መቶ በመቶ ግን አይደለም። አያይዘሽ የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ንገሪያት፦ ግንኙነት የጋብቻ ነው፣ «መኝታውም ንጹሕ ይሁን» (ዕብራውያን 13፥4)። ሥጋዋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለሆነ ነው የምትጠብቀው። በበሽታ በማስፈራራት ብቻ የቆመ ንጽሕና ፍርሃቱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ልጆች ደግሞ አንድ ውሸት ከያዙብን ቀሪውን እውነታችንንም አያምኑም።

ስለ ወር አበባም አንድ ነገር ልበልሽ። በዚያ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባታቸውን እንደ ቅጣት የሚቆጥሩ ልጃገረዶች አሉ። ሥርዓት ነው፤ ያጠፉት ነገር የለም። ዐጸዱ ላይ ቆማ ትጸልይ። ሞዴስም ሳትጠይቅሽ ገዝተሽ አስቀምጭላት።

ከክበቡ አታስወጫት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የብዙ አገር ጥናቶችን አይቶ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ልጆችን ቶሎ ወደ ግንኙነት እንደማይገፋ አስፍሯል። የጎረቤትሽ ስጋት ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። አንድ ቀን ፈቃድ ወስደሽ መምህራቸውን አነጋግሪ። ምን እንደሚማሩ ጠይቂ። ከእምነታችን ጋር የማይሄድ ነገር ካገኘሽ ቤት ውስጥ ተወያዩበት።

ስለ ወንዱ ልጅሽ ግን ምንም አልጠየቅሽኝም። ብዙ እናቶች እንዲህ ናቸው፤ ሴቷን ይጠብቃሉ፣ ወንዱን ይለቁታል። እሱም 13 ዓመቱ ነው። ድምፁ እየጎረነነ ነው። ሕልመ ሌሊት ሲያገኘው ረከስኩ ብሎ ብቻውን ይጨነቅ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ነገር መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በስልክ የሚያየው የወሲብ ፊልም የተሠራ ነገር እንጂ የባልና ሚስት ፍቅር እንዳልሆነ ይወቅ። የአንዲት ልጅ እንቢታ «አፍራ ነው» ተብሎ እንደማይታለፍም ከአሁኑ ይማር። አባቱ ካለ እሱ ያናግረው። ከሌለ ወይም ካልቻለ፣ የንስሐ አባታችሁ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻቸው አስቀድመሽ አማክሪያቸው።