ቴስታታ ከተላገ በኋላ የፑሽ ሮድ ርዝመት

ጥያቄ፦ የሼቭሮሌት 350 ሞተሬ ሁለቱም ቴስታታዎች (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳኖች) 0.76 ሚሊ ሜትር ተልገዋል። የቀድሞዎቹን ፑሽ ሮዶች (ሮከር አርሙን ከታች የሚገፉትን ዘንጎች) መልሼ መግጠም እችላለሁ?

መልስ፦ ሳይለኩ አይግጠሙ። ቴስታታው ሲላግ ሮከር አርሙ (ቫልቩን ተጭኖ የሚከፍተው ማንሻ) ወደ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ስለሚቀርብ፣ የጋስኬቱ ውፍረት ካልተለወጠ፣ የሚያስፈልገው ፑሽ ሮድ በግምት የተላገውን ያህል ያጥራል። በዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ በሮከሩ ነት ስለሚስተካከል ብዙ መካኒኮች ጉዳዩን በዚያ ይዘጉታል፤ ነቱ ግን ሮከሩ የቫልቩን ጫፍ የሚነካበትን ቦታ አያቃናም፤ ንክኪው ከመሃል ከራቀ ደግሞ የቫልቩ መሪ ቡሽ ያለጊዜው ይበላል። የቫልቭ መቀመጫው ተጠርቦ ከሆነ የቫልቩ ጫፍ ከፍ ስለሚል፣ ርዝመቱን በስሌት ብቻ ወስኖ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

የሃይድሮሊክ ታፔት (በካምሻፍቱና በፑሽ ሮዱ መካከል ያለው በዘይት የሚሠራ ገፊ) በጠንካራ ስፕሪንግ ተጭኖ እንዳያሳስትዎ በቫልቩ ላይ ለጊዜው ለስላሳ ስፕሪንግ ይግጠሙ። ከዚያ ርዝመቱ የሚስተካከል መለኪያ ፑሽ ሮድ አስገብተው፣ የቫልቩን ጫፍ ቀለም ቀብተውና ክፍተቱን ዜሮ አድርገው፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። የሚቀረው ምልክት ጠባብና ለመሃል የቀረበ እስኪሆን ርዝመቱን እየለዋወጡ ይድገሙት።

ሞተሩ የቪ ቅርጽ ያለው በመሆኑ የተላጉት ቴስታታዎች እርስ በርስም ይቀራረባሉና፣ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ቀዳዳዎችና ብሎኖች መገጣጠማቸውንም ይፈትሹ።