ቃልና ዘይቤ በዋልታ ጉዞ ታሪኮች፦ ጥያቄና መልስ

የዋልታ አሳሾችን ታሪክ በእንግሊዝኛ እያነበባችሁ ቃል ወይም ዘይቤ ያስቸገራችሁ ሁሉ ጠይቁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፦ አንቀጹን አንብባችሁ ሳትጨርሱ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። የምጠቅሳቸው ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ አንታርክቲካው አሳሽ ስለ ሻክልተን መርከብ ሳነብ መርከበኞቹ «ሊድ» (lead) አይተው ተደሰቱ ይላል። መዝገበ ቃላቱ ግን «መምራት» እና «እርሳስ» ይለኛል። በበረዶ መሐል እርሳስ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ቃሉን ከነቦታው ይዘሽ ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል። አሁን ቃሉን ለጊዜው ተይውና ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቺ። ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ 28 ሰዎች እንደያዘች በጃንዋሪ 1915 በአንታርክቲካ ዳርቻ ባለው በዌዴል ባሕር በረዶ ተከበበች። በፌብሩዋሪ ከፊት ለፊት «ሊድ» ሲታይ ሞተሩ ተነሣ፤ ሰዎቹም መጋዝና ዶማ ይዘው ወርደው በመርከቧና በ«ሊዱ» መካከል ያለውን በረዶ መቁረጥ ጀመሩ። መርከበኛን እንዲህ የሚያጣድፈው ምንድን ነው? የተከፈተ ውኃ ነው። «ሊድ» በረዶው ሲሰነጠቅ የሚከፈት፣ መርከብ የሚያሳልፍ የውኃ መተላለፊያ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ መዝገበ ቃላቱ ተመለሺ፤ «መምራት» ለምን እዚያ እንደተጻፈ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ከአንቀጹ በፊት የተከፈተ መዝገበ ቃላት ግን እርሳስ ይሰጥሻል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ቃላት እውቀቴን እንዴት ላሳድግ?

መልስ፦ ምን እያነበብክ ነው? የትኛው ቃል አስቸገረህ? ይህን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ «መርከቧ አቃሰተች» የሚል አገኘሁ። ሰውኛ ዘይቤ ነው ብዬ መለስኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነህ፤ ነገር ግን ስም ሰጥተህ ብቻ አትለፈው። ብዙ ተማሪዎች «ሰውኛ»፣ «ተለዋጭ»፣ «ግነት» ብለው ከጻፉ በኋላ ያነበቡ ይመስላቸዋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በቦታው በእርግጥ ምን ሆነ?

በዌዴል ባሕር ነፋስና የባሕር ውኃ ፍሰት በረዶውን እየገፉ ወደ አንታርክቲካ ልሳነ ምድር ይወስዱታል። በረዶው መሄጃ ሲያጣ እርስ በርሱ ይጋፋል፤ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ይወጣል። የኖርዌያዊው አሳሽ የናንሰን መርከብ ፍራም ሆዷ ክብ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነበር፤ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትነሣለች። ከ1893 እስከ 1896 በሰሜን ዋልታ ባሕር ከበረዶው ጋር ተንሳፍፋ በደኅና ወጣች። ኢንዱራንስ ግን እንደዚያ አልተሠራችም። ግራና ቀኝ ስትጨመቅ ወፋፍራሞቹ ምሰሶዎች ጎበጡ፣ ሳንቃዎቹ ተሰነጠቁ፤ በውስጧ የተኙትም ያን ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ይሰሙ ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1915 ጥለዋት ወጡ፤ ኖቬምበር 21 ቀን ሰጠመች።

እንግዲህ «አቃሰተች» ያለው ጸሐፊ ለማሳመር የፈጠረው አይደለም፤ ጆሮው የሰማውን ነው የጻፈው። ዘይቤው የቆመው በእውነተኛ ድምፅ ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «በረዶው ተነሥቶ ቆመ» የሚለውንም ግነት ብሎ ያልፈዋል። ግነት አይደለም፤ በረዶው በእርግጥ ተነሥቶ ቆሟል።

ጥያቄ፦ ስለ ኢንዱራንስ የተጻፈውን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ይላኩልን።

መልስ፦ አልልክም። ሻክልተን ራሱ የጻፈው በ1919 የታተመ ነው፤ የቅጂ መብቱ ዘመን ስላለፈ በነፃ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?

መልስ፦ ፈተና የማወጣው እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ «ሳስትሩጊ» ምንድን ነው?

መልስ፦ ነፋስ የቀረጸው ጠንካራ የበረዶ ሸንተረር። ከሩሲያኛ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ካፒቴን ኦትስ ከድንኳኑ ሲወጣ የተናገረው «ወደ ውጭ ልወጣ ነው፤ ትንሽ ልቆይ እችላለሁ» የሚለው ሰምና ወርቅ አይደለም?

ሌላ አባል፦ በፍጹም አይደለም! ሰምና ወርቅ ኅብረ ቃል ይፈልጋል። ሁለት ፍቺ የሚሸከመው ቃል የትኛው ነው? እንዲህ ከሆነ የተድበሰበሰ ንግግር ሁሉ ቅኔ ሊባል ነው።

ጠያቂው፦ ሰሙ መውጣት፣ ወርቁ መሞት። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

መልስ፦ በስሙ ጉዳይ ወንድማችን ትክክል ነው፤ ኅብረ ቃል የለውም፣ ስለዚህ ቅኔ አንበለው። ጠያቂው ግን የሸተተው ነገር አለ። እንግሊዛዊው አሳሽ ስኮትና አራት ጓደኞቹ፣ ኦትስም አንዱ ነው፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1912 ደቡብ ዋልታ ሲደርሱ ኖርዌያዊው አሙንድሰን ዲሴምበር 14 ቀን 1911 ቀድሟቸው ነበር። ሲመለሱ ከጓደኞቹ አንዱ ኤቫንስ ሞተ። በማርች የኦትስ እግሮች በውርጭ ተጎድተው መራመድ አቃተው፤ ሌሎቹም እርሱን ትተው አንሄድም አሉ። ውጭው የበረዶ ማዕበል ነው። በዚህ ውስጥ ነው «ትንሽ» ያለው። ቃሉን ያከበደው ፍቺው ሳይሆን ሁኔታው ነው፦ ትልቁን ነገር ሆን ብሎ አሳንሶ መናገር፣ የግነት ተቃራኒ። ስኮት በማስታወሻው ወደ ሞት እንደሚሄድ እናውቅ ነበር ብሎ ጽፏል፤ ተናጋሪም ሰሚም ተግባብተዋል ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ነጥሎ ያነበበ ሰው አየር ሊቀበል የወጣ ይመስለዋል። አንቀጹን ጨርሱ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ አባል፦ ስኮትን ጀግና ማድረግ ይብቃ። አሙንድሰን በውሾች ተጉዞ ሰዎቹን በሙሉ በሕይወት መለሰ።

ሌላ አባል፦ ውሾቹንስ አርዶ አልበላም?

መልስ፦ በልቷል፤ ሰዎቹም ተርፈዋል። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። ለዘይቤ ልምምድ ግን የስኮትን ማስታወሻ እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል በድካም ውስጥ ሆኖ መዝኖ ጽፎታል።

ጥያቄ፦ «የአይስበርግ (በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ግዙፍ በረዶ) ጫፍ» የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በረዶ ከባሕር ውኃ በጥቂቱ ስለሚቀል ከግዝፈቱ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ብቻ ነው ከውኃው በላይ የሚታየው። የሚታየው ችግር ከተሰወረው ያነሰ ነው ለማለት ይውላል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃላት በቶሎ ለመያዝ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል፤ መልሴም ያው ነው። ያልገባህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከበፊተኛውና ከተከታዩ ጋር ገልብጠህ አምጣ፤ ከእርሱ እንጀምራለን።