እምነት ማስረጃ ነው ወይስ ፍርድ?

ውድ ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለበዓል ስትመለሱ የምትገጥሙትን ክርክር ከዳር ሆኜ ስሰማ ኖሬአለሁ። አንዱ «ሃይማኖት ያለ ምክንያት ማመን ነው» ይላል፤ ሌላው «እምነቴ ራሱ ምክንያቴ ነው» ብሎ ይመልሳል። ዕድሜዬን በዳኝነት የጨረስሁ ሰው ነኝና ሁለታችሁም ፍርድንና ማስረጃን ያደባለቃችሁ ይመስለኛል። ዳኛ ማስረጃ መዝኖ ፍርድ ይሰጣል፤ የሰጠውን ፍርድ ግን ለዚያው ፍርድ ማስረጃ አድርጎ ሊጠቅሰው አይችልም። እምነትም ከፍርድ ወገን ስለሆነ፣ «ለምን አመንህ?» ሲባል «ስለማምን» የሚል ሰው ገና አልመለሰም፤ ይህ ግን ከእምነቱ በስተጀርባ የሚመዘን ነገር የለም ማለት አይደለም።

በአገራችን የድንበር ክርክር ሲሰማ አንድ ሽማግሌ ምለው «ድንበሩ ከወይራው እስከ ጅረቱ ነው፤ ሣር ቅጠሉ ያውቀዋል» ይላሉ። በምን ዐወቁ ሲባሉ «አባቴ በልጅነቴ እየመራ አሳይቶኛል» ብለው ይመልሳሉ። አባትየው በቦታው የኖሩ፣ ከነገሩ የሚያገኙት ጥቅም የሌላቸው ከሆኑ፣ ሌሎችም ሳይመካከሩ ያንኑ ካሉ፣ ቃሉ ክብደት አለው። የተወለዳችሁበትን ቀን እንኳ የምታውቁት በሰው ቃል ነው። ስለዚህ ሃይማኖትን ከአባት መረከብ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ችግሩ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም የእርሱን በዚያው መንገድ መረከቡ ነው፤ ሁለቱ ቃሎች በሚለያዩበት ነጥብ ላይ «አባቴ ነግሮኛል» ብቻውን አይለይም፤ ምስክሩን መመርመር ግድ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ያለ በቂ ማስረጃ ማመን ሁልጊዜም ጥፋት ነው ሲል ተከራከረ፤ በምሳሌነት ያቀረበውም መርከቡ ማርጀቷን እያወቀ ጥርጣሬውን አፍኖ መንገደኞች አሳፍሮ የሚልክ ባለመርከብን ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲመልስ፣ ምርጫው የማይቀርና ከባድ ሆኖ በማስረጃ ሊቆረጥ የማይችል ሲሆን ልብ ወዳዘነበለበት መሄድ ነውር የለበትም አለ። እኔ ወደ ጄምስ አደላለሁ፤ ዳኛም ማስረጃው የፈለገውን ያህል ባይሞላለት መዝገቡን ሳይወስን ሊያሳድረው አይችልምና (ቀጠሮ ማብዛት የሚወድ ዳኛ መኖሩን ግን አልክድም)።

ሆኖም የጄምስ ፈቃድ ጠባብ ነው፤ የሚሠራው ማስረጃ በማይቆርጠው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ «ጠበል ገብቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ የሚያቋርጥ ወጣት በዚህ ሊከላከል አይችልም። መድኃኒቱ እንደሚያድን የታወቀ ነው፤ ሲቋረጥም በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ መድኃኒቱን እየዋጡ መጠመቅንም የሚከለክል የለም። ይህ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውት የሚተነፍሱትን እናቱንና ታናናሾቹን ስለሚያስይዝ፣ ለእኔ ከክሊፈርድ ባለመርከብ አይለይም።

መጠየቅ ክህደት ነው የሚላችሁ ካለ የቅዱሳት መጻሕፍትን የአንድምታ ትርጓሜ ተመልከቱ፤ ለአንድ ንባብ «አንድም» እያለ ልዩ ልዩ ፍች ይደረድራል እንጂ ጠያቂን አያባርርም። ጥያቄያችሁን ለመምህራን አቅርቡ። አንዱ «ተው፣ አትጠይቅ» ቢላችሁ ሌላ ፈልጉ፤ እንደ ዲማና ዋሸራ ያሉ የአብነት ትምህርት ቤቶችን የያዘ አገር በመምህር አይታማም።