ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ዳር ነዋሪ፦ ጥያቄና መልስ

በከተማው ዳር ከምንኖረው ብዙዎቻችሁ ስለ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። ሙያዬ የቤት መብራት ዝርጋታ ነው፤ የምነዳውም ትንሿን የቻይና መኪና፣ ቢዋይዲ ሲገልን ነው። ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ በየቀኑ ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ትችለዋለች?

መልስ፦ ተርፏት። የትንሿ ሲገል ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ፤ መለኪያው ለጋስ ስለሆነ ሲሶውን ቀንሱለት። የቀረውም ከአንድ ቀን በላይ ያመላልስሻል። መንገድ ሲዘጋ ቆማ ነዳጅ አታቃጥልም። ሌላው ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም።

ከአያት፦ አሁን ዋጋዋ ስንት ገባ?

መልስ፦ ሻጭ ጠይቅ። የዛሬው ነገ አይሠራም።

ከለገጣፎ፦ ቤት ባለው ተራ ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ መስመሩ ልክ ከሆነ። እዚህ ላይ ልቆይ።

ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፒር፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይስባል። ግን ምጣዱ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ይጠፋል፤ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። አሥር ሰዓት ከተሰካች ከባትሪዋ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላል። የላላ ሶኬት ይህን አይችልም። ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ከውስጥ የሽቦው ልባስ ጠቁሮ።

ስለዚህ ከቆጣሪው ለመኪናዋ ብቻ የራሷን መስመር ሳቡ። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሷ ብሬከር፣ ጥሩ ሶኬት። ምጣዱና መኪናዋ አንድ ላይ አይሠሩ።

ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር፣ ደግሞ የግድ ነው። ብዙ ቤቶቻችን የላቸውም፤ ቻርጀሩም ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ኒውትራሉን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከግራውንዱ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። ይህን ፈጽሞ አታሠሩ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናዋ ቆርቆሮ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል፤ ልጅ በሩን ቢነካስ? የግራውንዱን የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሩ።

ከሰበታ፦ መብራት ሲጠፋስ? ሁለት ቀን የሚጠፋበት ሰፈር እኮ አለ።

ከጀሞ፦ ነዳጅስ? ማደያ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማቃጠል ይሻላል?

ከሰበታ፦ ሰልፉ ቢረዝምም ይቀዳል። በእሷ ሀዋሳ ሂድና እናያለን።

ከጀሞ፦ ሀዋሳ በዓመት ስንቴ ትሄዳለህ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የምናወራው ስለ ከተማ መንገድ ነው። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር መፍትሔው ባትሪው እስኪያልቅ አለመጠበቅ ነው። ግማሽ ሲደርስ ሰኩ። ሀዋሳ ዘወትር የሚሄድ ሰው ትንሿን አይግዛ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። በመስኮት ወፍራም ኤክስቴንሽን ባወርድስ?

መልስ፦ አይሆንም! ወፍራምም ቢሆን አይሆንም። ዝናብ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ መገጣጠሚያው ይግላል። ከማኅበራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆጣሪ ያለው መስመር አስገቡ። ማኅበሩ እምቢ ካለ ከመግዛትሽ በፊት በአቅራቢያሽ ቻርጅ ማድረጊያ መኖሩን እይ።

ከካራ፦ በአጠቃላይ የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለማን? የት ልትነዳት? ቻርጅ የምታደርግበት አለህ? እነዚህን ይዘህ ና።

ከሱሉልታ፦ የእንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት አይጎዳትም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ዳገቱ ባትሪ ይበላል፤ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ የተወሰነውን ይመልሳል። የፍሬን ሸራህም ዕድሜው ይረዝማል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው በሞተር መያዙ ይደክማል። ቁልቁለት የሚጀምር ሰው ጥቂት አጉድሎ ይውጣ።

ከአያት፦ ሰርቪስስ?

መልስ፦ የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ የነዳጅ ፊልትሮ የለ። ጎማና የእግር ዕቃ ግን እንደማንኛውም መኪና ነው፤ ኮብልስቶኑ አይምርም። ባትሪው ከሥር ስለሆነ ጉድጓድና ድንጋይ ተጠንቀቁ።

ከገላን፦ ባትሪው ቶሎ አይሞትም?

መልስ፦ የሲገል ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ብዙ ጊዜ መሞላት ይችላል። የእኛም አየር ከባድ ሙቀትም ብርድም የለውም። በሳምንት አንዴ እስከ 100 በመቶ ሙሉት፣ መለኪያው እንዳይሳሳት። ሌላ ዓይነት ባትሪ ያለው መኪና ከሆነ ለዘወትር 80 በመቶ ይበቃል።

ከቡራዩ፦ ጋሼ፣ አጭር ኤክስቴንሽን ቢሆንስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። መስመሩን ያሠራችሁትም ብትሆኑ በመጀመሪያው ማታ ከሰካችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ካቃጠላችሁ ብሬከሩን አጥፉና የሠራላችሁን ሰው ጥሩ።