ከጅዳ የሚመጣው ስማርት ፕለግ ለየትኛው ዕቃ ይሆናል?

ሰላም ለእህታችንና ለቡድኑ አባላት በሙሉ። ከኮምቦልቻ የላኩትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወንድምዎ በሚቀጥለው ወር ከጅዳ ሲመጣ ስማርት ፕለግ (በግድግዳው ሶኬትና በዕቃው መካከል የሚሰካ፣ በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሊያመጣልዎ እንዳሰበ፣ እናትዎ ቀኑን ብቻቸውን ስለሚውሉም ምጣዱን፣ ፍሪጁን፣ ውኃ ወደ ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕና የግቢውን መብራት ከሥራ ቦታዎ ሆነው በስልክ ለመቆጣጠር እንደሚፈልጉ ገልጸው «የትኛው ማርክ ይሻላል?» ብለዋል። እኔ ደሴ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። እነዚህን ፕለጎች በራሴም በደንበኞቼም ቤት ገጥሜ አይቻለሁና፣ ከማርኩ በፊት ፕለጉ የሚሸከመውን ዕቃና የቤቱን መስመር እንድናይ እለምንዎታለሁ።

በመጀመሪያ ምጣዱን ከዝርዝርዎ ያውጡልኝ። የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለቤት ከሚሸጡት ስማርት ፕለጎች ትልልቆቹ የሚሸከሙትም 16 አምፔር ነው። ሻጩ ይህን አይቶ «ይችለዋል» ሊልዎ ይችላል፤ ነገር ግን በፕለጉ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ፣ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ለሁለት ሰዓት ያለ ፋታ ሊሸከመው የሚገባ ጭነት አይደለም። ሪሌ የሚባለው የውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ሲሆን፣ ሙቀቱም መውጫ በሌለው ፕላስቲክ ውስጥ ይታፈናል። አንድ ደንበኛዬ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ ብላ ጠርታኝ ስደርስ፣ ፕለጉ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ቀልጦ ስለተጣበቀ ብሬከሩን አውርጄ በፒንሳ ነው የነቀልኩት። ምጣድ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሽቦ ኖሮት በቀጥታ ቢመጣለት ይሻላል።

እኔ የምሠራበት ልክ ቀላል ነው፤ በፕለጉ ላይ ከተጻፈው ሦስት አራተኛውን ብቻ እቆጥራለሁ። በዚህ ልክ 16 አምፔር የተባለው 2600 ዋት ገደማ፣ 10 አምፔር የተባለው ደግሞ 1600 ዋት ገደማ ይሸከምልኛል። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽና ቻርጀር የትኛውም ፕለግ ይችላቸዋል። ካውያና የውኃ ማፍያ 2000 ዋት ሊደርሱ ስለሚችሉ ለእነርሱ ባለ 16ቱ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ፣ የሚግል ዕቃ ሰው አጠገቡ ሳይኖር በስልክ እንዲበራ ፈጽሞ አልመክርም፤ በስልክ ማጥፋት ግን ጥሩ ነገር ነው።

አሁን በእኛ አካባቢ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ ይገባል ወደምለው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕለጉ ምን ሆኖ ይነሣል የሚለው ነው። ጥሩ ፕለግ በመተግበሪያው ውስጥ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ መብራት ሲመጣ ሁልጊዜ ይብራ፣ ሁልጊዜ ጠፍቶ ይቆይ፣ ወይም ከመሄዱ በፊት ወደነበረበት ይመለስ። ርካሾቹ ግን ይህን ምርጫ ሳይሰጡ፣ ፋብሪካው በወሰነው መንገድ ብቻ የሚነሡ ሆነው ይገኛሉ። ምርጫው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ አንድ ጎረቤቴ ቤት በደረሰው ነገር ነው። ባቄላ ምድጃ ላይ ጥደው ሳለ መብራት ሄደ፤ ነገሩን ረስተው ለቅሶ ቤት ሄዱ፤ ማታ መብራት ሲመጣ ምድጃው በተራ ሶኬት ላይ ስለነበር ያለ ሰው ጋለ፣ ድስቱም ከሥሩ ከሰለ። እሳት አለመነሣቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው። ያ ምድጃ «ሲመጣ ጠፍቶ ይቆይ» በተባለ ፕለግ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀዝቅዞ ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ ለሚግል ነገር ሁሉ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን፣ ለግቢ መብራት «ወደነበረበት ይመለስ» የሚለውን ይምረጡ። የዋይፋይ ሳጥኑን ደግሞ በስማርት ፕለግ ላይ አይሰኩት፤ አንዴ በስልክ ካጠፉት እንደገና አብራ የሚል ትእዛዝ የሚያደርስለት መንገድ አይኖርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ፕለጎች የሚታዘዙት በባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር፣ ማለትም በአምራቹ ኮምፒውተር አማካይነት ነው፤ ሳሎን ተቀምጠው ቁልፉን ሲነኩ እንኳ ትእዛዙ አገር አቋርጦ ሄዶ ነው አጠገብዎ ወዳለው ፕለግ የሚመለሰው። መስመሩ ሲቋረጥ መተግበሪያው ዝም ይላል፤ በፕለጉ ላይ ያለችው ቁልፍ ብቻ ትሠራለች። የሰዓት ፕሮግራሙ በፕለጉ ውስጥ ተቀምጦ ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራባቸው ዓይነቶች አሉ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፕለጉ ሰዓቱን በራሱ የሚይዝበት ባትሪ ስለሌለው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሆነ ይረሳል፤ ሲነሣም ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። መብራቱ መጥቶ ኢንተርኔቱ ካልመጣ ፕሮግራሙ እያለ የግቢው መብራት ሳይበራ ያድራል። ሁለቱ በአንድ ቀን በሚጠፉበት አካባቢ ይህ ብርቅ አጋጣሚ አይደለም።

ለዚህ የሚሻለው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ያለ ኢንተርኔት የሚታዘዝ ዓይነት ነው። ሼሊ የተባሉት ፕለጎች ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ስልክ፣ በተራ ብራውዘር በኩል ይከፈታሉ። በ2022 የወጣውን ማተር የተባለ የጋራ ደረጃ የሚከተሉትም በቤት ውስጥ መታዘዝ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ተቆጣጣሪ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ዚግቢ የሚባሉት፣ በዋይፋይ ሳይሆን በሌላ የሬዲዮ መንገድ የሚገናኙትም፣ የራሳቸው ማዕከል ስለሚያስፈልጋቸው ለሁለትና ለሦስት ፕለግ ወጪው አይመጣጠንም። እኔ በቤቴ ሆም አሲስታንት የተባለውን፣ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ከቤት ውስጥ የሚያዝ ነጻ ሶፍትዌር በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ እጠቀማለሁ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደህና ከሆነ መብራት ሲሄድም ሰዓቱ አይጠፋበትም። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእናትዎ ቤት ግን ግዴታ ነው አልልም።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ከእነዚህ ፕለጎች አብዛኞቹ የሚያውቁት ባለ 2.4 ጊጋኸርዙን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። የዋይፋይ ሳጥንዎ ባለ 2.4ቱንና ባለ 5ቱን በአንድ ስም ካወጣቸው ፕለጉ አልገናኝም ሊልዎ ይችላል፤ ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። በስልክ ሆትስፖት ላይ አይመሥርቱት፤ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ፕለጉም ያለ ሰሚ ይቀራል።

ወደ ፓምፑ ስንመጣ ይህ ከራሴ ቤት የደረሰ ነው። ውኃ በተራ ስለሚመጣ ሌሊት መነሣት ሰልችቶኝ፣ ፓምፑን ባለ 16 አምፔር ስማርት ፕለግ ላይ ሰክቼ ከአልጋዬ ሆኜ አበራውና አጠፋው ጀመር። ለጥቂት ወራት በደህና ሠራ። አንድ ሌሊት መተግበሪያው «ጠፍቷል» እያለኝ ፓምፑ መሥራቱን ቀጥሎ፣ ሮቶው ሞልቶ ግቢው በውኃ ተጥለቅልቆ ነው የነቃነው። በዚያ ውኃ ለሚጨነቁ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። ፕለጉን ስከፍተው የሪሌው ሁለት ምላሶች ተበየደው አገኘኋቸው። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ስለሚስብ፣ ምላሶቹ በተነካኩ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው እየደጋገመ አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ፕለጉ ላይ የተጻፈው አምፔር እንደ ካውያና እንደ ውኃ ማፍያ ላሉ ጭነቶች የተለካ መሆኑን ያን ጊዜ ነው በተግባር የተማርኩት።

ስለዚህ ፓምፕ በስማርት ፕለግ ላይ በቀጥታ አይሰካም። መንገዱ ይህ ነው፤ ለሞተሩ የሚመጥን ኮንታክተር፣ ማለትም ለከባድ ጭነት የተሠራ ትልቅ ሪሌ፣ በሳጥን ውስጥ ይገጠማል፣ ስማርት ፕለጉ የኮንታክተሩን መጠምጠሚያ ብቻ ይቀሰቅሳል፣ የሞተሩን ከባድ ጭነት ደግሞ ኮንታክተሩ ይሸከማል። መጠምጠሚያው የሚፈልገው ጥቂት ዋት ስለሆነ ፕለጉ አይጎዳም። ከዚህ ጋር ሮቶው ላይ ሲሞላ የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይጨመር፤ ስልክም ኢንተርኔትም ቢጠፋ ውኃው ራሱ ፓምፑን ያስቆመዋል። ሥራውን ግን ሙያተኛ ይሥራው፤ ውኃና መብራት አንድ ላይ ያሉበት ቦታ ነውና።

የፍሪጁ ጉዳይ አጭር ነው። ፍሪጅ እንደ ፓምፑ ሞተር አለው፤ በዚያ ላይ ጠፍቶ ወዲያው ቢበራ ኮምፕሬሰሩ ይጎዳል፣ ቢያንስ የአምስት ደቂቃ ዕረፍት ያስፈልገዋል። በስልክ የሚነካ ሰው በስሕተት ቢያጠፋው ደግሞ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ጉዳቱ ከምግብ ያልፋል። ለእናትዎ ፍሪጅ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የሚያቋርጥ፣ መብራት ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ የፍሪጅ መከላከያ ነው። ስማርት ፕለግ መብራት ያጠፋል ያበራል እንጂ ቮልቴጅ አያስተካክልም፤ ይህን ሥራ ከእርሱ የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስላጋጠሙኝ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ወንድምዎ ከጅዳ ሊገዛ መሆኑ አንድ ነገር ያሳስበኛል። እዚያ የተለመደው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ነው፤ የእኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ ነው። ቮልቴጁ ስለሚቀራረብ «ማስተላለፊያ አድርጌ እጠቀምበታለሁ» ይባላል፤ ሆኖም ርካሽ ማስተላለፊያ ልል ሆኖ ስለሚይዝ የሚሞቀውና የሚያጨሰው እዚያው መገናኛው ላይ ነው። በወሎ ከዓረብ አገር ዕቃ ያልተላከለት ቤት ጥቂት ነውና፣ በየቤቱ የማየው የጠቆረ ሶኬት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ወንድምዎ የአውሮፓ ቅርጽ ያለውን፣ ሁለት ክብ እግርና በጎንና በጎኑ የመሬት መስመር የሚነካበት ብረት ያለውን ይጠይቅ፤ በጀርባውም «220–240 ቮልት» እና እንደ ዕቃው «16 አምፔር» ወይም «10 አምፔር» መጻፉን ያንብብ። የአሜሪካ ቅርጽ ያለውን፣ 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን ቢሰጡትም እንዳይቀበል፤ በእኛ መስመር ላይ ወዲያው ይቃጠላል። ፕለጉ ደግሞ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ዲቫይደር ላይ መደርደሩ ክብደቱንም ሙቀቱንም ያበዛል። የቤቱ ሶኬት ከላላ ወይም የመሬት መስመር ከሌለው፣ ከፕለጉ በፊት ሶኬቱ ይቀየር።

የኃይል ፍጆታ የሚለካውን ዓይነት መግዛት ዋጋ አለው ወይ ለሚለው፣ አንዱን ብቻ እንዲያካትቱ እመክራለሁ። ከዕቃ ወደ ዕቃ እያዘዋወሩ ለአንድ ሳምንት ቢለኩበት የካርድ ቆጣሪውን የሚበላው የትኛው እንደሆነ በቁጥር ያሳይዎታል። ፕለጉ ራሱም ሁልጊዜ አንድ ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ አያሳስብዎ።

የግቢው መብራት ከአራቱ ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ነው። አምፖሉ በስፒና የሚሰካ ከሆነ ባለ 10 አምፔሩ ፕለግ ይበቃዋል፤ ከጣሪያ የተዘረጋ ከሆነ ግን ፕለግ ሳይሆን ስማርት አምፖል ወይም የግድግዳ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚያስፈልግዎ። ፕለጉ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ፕሮግራሙን ሲሞሉ ደግሞ መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አይርሱ፤ የእኛ ምሽት 12 ሰዓት እዚያ 18:00 ነው። ጎረቤታችን ሐጂ በረመዳን ለሱሁር ሌሊት 10 ሰዓት እንዲበራ ብለው 10:00 ሞልተውት፣ መብራቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እየበራ እነርሱ ግን ሱሁር ሳይበሉ የጾሙበት ቀን ነበር፤ ሊሞላ የሚገባው 04:00 ነበር። የሰዓት ቀጠናውም የአዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጅዳ ላይ ከተከፈተም ሁለቱ አገሮች አንድ ሰዓት ስለሚጋሩ አይዛባም።

አካውንቱን ግን ወንድምዎ በራሱ ስም እንዳይከፍተው። በእርስዎ ስልክና በጠንካራ የይለፍ ቃል ተከፍቶ ለቤተሰቡ በማጋራት ይሰጥ፤ እርሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ቁልፉ ከእርሱ ጋር እንዳይሄድ። እናትዎንም ፕለጉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በእጃቸው እያስነኩ ያሳዩአቸው፤ ስልክ ሳይነኩ ማብራትና ማጥፋት መቻል አለባቸው።

እንግዲህ ወንድምዎ ሦስት ፕለግ ቢያመጣ ይበቃል፤ አንዱ ባለ 10 አምፔር ለግቢው መብራት፣ አንዱ ባለ 16 አምፔር ፍጆታ የሚለካ፣ ከ2600 ዋት የማይበልጥ ምድጃ ካለዎት ለእርሱ (ለምጣዱ አይደለም)፣ አንዱ ለፓምፑ ኮንታክተር። ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ግን የፓምፑ ሞተር ላይ በተለጠፈችው ብረት የተጻፈውን ኪሎዋትና አምፔር፣ የግድግዳውንም ሶኬት ፎቶ አንሥተው እዚሁ ይለጥፉልን፤ የኮንታክተሩን መጠን ያን አይቼ እነግርዎታለሁ።