ስዊቹን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የጉድጓድ ፓምፕ ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ሰበታ አካባቢ ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ስለ ፕሬዠር ስዊች (የውሃውን ግፊት እያየ ፓምፑን ስለሚያበራውና ስለሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ) ብዙ እየጠየቃችሁ ስለሆነ፣ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስዊቹ መቼ ማብራት፣ መቼ ማጥፋት እንዳለበት በምን ያውቃል?

መልስ፦ በግፊት ብቻ። ከሥሩ በምትገባው ቀጭን ቀዳዳ ውሃው የስዊቹን ጎማ ይገፋል፣ ስፕሪንግ ደግሞ ከላይ ይጫነዋል። ቧንቧ ሲከፈት ግፊቱ ይወርድና 1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ስፕሪንጉ ያሸንፋል፣ ኮንታክቱ (መብራት የሚያስተላልፈው መገናኛ) ይገጥማል፣ ፓምፑ ይነሳል። 2.8 ሲሞላ ይለያያል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚመጡት በዚህ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ስከፍት ፓምፑ በየሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል። የመጣው ባለሙያ ስዊቹ ተበላሽቷል ብሎኛል። ልቀይረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ፣ ብርሽን አታውጪ! አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የግፊት ታንኩ ነው፣ ማለትም ከፓምፑ ጋር የተገጠመው፣ ውስጡ አየርና ውሃ በጎማ ተለይተው ያሉበት፤ አየሩ አልቆ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። ቧንቧ ከፍተሽ ውሃው እስኪያልቅ አፍስሺ፣ ይህን ካልዘለልሽ ነው ልኬቱ የሚታመነው። ከታንኩ ጀርባ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ስትፈቺ የመኪና ጎማ ቫልቭ ታገኛለሽ፤ በጎማ መለኪያ ለኪው። ፓምፑ ከሚነሳበት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ለ1.4 ወደ 1.25 ባር። ካነሰ በጎማ መንፊያ ሙዪው። ከቫልቩ ውሃ ከወጣ ግን የታንኩ የውስጥ ጎማ ተቀዷል። በትንንሾቹ ታንኮች ጎማው ብቻ ይቀየራል። ግን አትዘግዪ፣ ሞተር ሲነሳ ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፣ እንዲህ ሲደጋገም ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ታንኬ 24 ሊትር ነው፣ 10 ሊትር ሳልቀዳ ፓምፑ ይነሳል። ጤነኛ ነው?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። ቀሪው ቦታ የአየሩ ነው፤ በ1.4 እና በ2.8 መካከል 8 ወይም 9 ሊትር ነው የሚሰጥህ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ማንም ውሃ ሳይነካ ይነሳል።

መልስ፦ ውሃ እያመለጠ ነው። ከታንኩ ወደ ቤት የሚሄደውን መዝጊያ ዝጉና ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) እዩ። አሁንም ከወረደ በቼክ ቫልቩ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግደው) ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ ነው፣ ካልወረደ የሽንት ቤቱን ፍላሽ ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ ግፊቱ ደካማ ነው፣ የቱን ብሎን ላጥብቅ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለት ብሎን ባለው ስዊች ትልቁ ማስነሻውንም ማጥፊያውንም ከፍ ያደርጋል፣ ትንሹ ማጥፊያውን ብቻ። ፓምፑ ከሚችለው በላይ ካጠበቁት ግን እዚያ ግፊት ስለማይደርስ ጨርሶ አይጠፋም። የታንኩንም አየር አብረው ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ በበጋ የውሃው ጥልቀት 8 ሜትር ይደርሳል፣ ላይ የተቀመጠው ፓምፕ አይስብም። ስዊቹ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ውሃውን ወደ ፓምፑ ሽቅብ የሚገፋው የአየሩ ጉልበት ቀንሷል። እዚህ ከ5 ሜትር ብዙም አትጠብቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ያስፈልግሃል። እስከዚያው ደረቁን አታሠራው፤ ውሃ ከሌለ ግፊቱ 2.8 ስለማይደርስ ስዊቹ አያጠፋልህም።